ለአንድ የቲቢ ምርመራ አራት ቱቦ ደም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ስቀጠር የቲቢ ምርመራ አዘዙልኝ፤ አራት ቱቦ ደም ቀድተው "ኳንቲፌሮን ፖዘቲቭ" አሉኝ። አላስልም፣ አያተኩሰኝም። ልጅ ሆኜ የተከተብኩት ቢሲጂ ይሆን? ወይስ ታምሜያለሁ?

መልስ፦ አይዞሽ እህታችን። ከክትባቱ የመጣ አይደለም፤ ታመሻል ማለትም አይደለም። ምርመራው ጀርሙን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጀርሙን ከዚህ በፊት ያዩና ያልረሱ ቲ ሴሎችን፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎችን ነው።

አረንጓዴና ቢጫ ክዳን ያላቸው ቱቦዎች ውስጠኛው ግድግዳቸው ላይ ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 ከሚባሉ የቲቢ ጀርም ፕሮቲኖች የተሠሩ ቁርጥራጮች ተቀብተዋል፤ ደሙ እንደተቀዳ ቱቦው ደጋግሞ የሚወዘወዘውም እነሱ ከደሙ ጋር እንዲዋሃዱ ነው። ከዚያ በ37 ዲግሪ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ጀርሙን የሚያውቁ ሴሎች ካሉ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል የመልእክት ፕሮቲን ይለቃሉ፣ የሚለካውም እሱ ነው። ግራጫው ለማነጻጸሪያ የተተወ ነው። ሐምራዊው ውስጥ ግን ማንኛውንም ቲ ሴል የሚቀሰቅስ ነገር አለ፤ እዚያም ዝም ካለ ወይ ሴሎቹ ደክመዋል ወይ ናሙናው ተበላሽቷል፣ ስለዚህ "ነጋቲቭ" ብሎ መጻፍ አይቻልም። እኔ በዚህ ምርመራ በጣም የምወደው ይህችን ጥንቃቄ ነው።

ሁለቱ ፕሮቲኖች ቢሲጂ ውስጥ የሉም። ክንድ ላይ የሚወጋው የቆዳ ምርመራ ግን በክትባቱ ሊሳሳት ስለሚችል፣ እንደኛ ለተከተበ ሰው የደሙ ይሻላል።

ሌላም መንገድ አለ። ቲ-ስፖት የሚባለው እያንዳንዱ ሴል የተወውን ነጠብጣብ ይቆጥራል። በ1996 ስታንፎርድ ላይ ይፋ የሆነው ቴትራመር ደግሞ ሴሉ የሚለቀውን ሳይጠብቅ ራሱን ሴሉን ይይዛል፤ ሴሉን የሚይዘው ሞለኪውል ብቻውን አያያዙ ደካማ ስለሆነ አራቱን አንድ ላይ አስረው ቀለም ያደርጉበታል። እሱ ግን በአብዛኛው የተመራማሪዎች መሣሪያ ነው።

ያንቺ ምርመራ የተኛውን ቲቢ ከነቃው አይለይም። ስለዚህ የደረት ራጅ የግድ ነው። ንጹህ ከሆነ ድብቅ ቲቢ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሆኖም ካልታከሙት ሰዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ቀን ይታመማሉና መድኃኒቱን እንዳትተዪው። ሪፋምፒን ካዘዙልሽ በየቀኑ ለ4 ወር ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ሪፋምፒን ጉልበቱን ያዳክመዋል።