ፕላዝማ አይቆምም ነበር

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ እየጠጣን አንድ ጀማሪ መምህር «ጋሼ፣ ልጆቹ ምንም አይጠይቁኝም። ገባችሁ ስላቸው አዎ ይላሉ፣ ፈተና ላይ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ ደግሞ መንዝ ሳለሁ የማስተምርበት ክፍል ትዝ አለኝ።

ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጊዜው ከ1997 በኋላ ነው፣ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት የገባ ሰሞን። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይለቀቃል። ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል፣ ሌላው ጊዜ ጥግ ይዞ መቆም ነው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት በእግሯ ወደ ቤተሰቦቿ የምትወጣ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ትንሽ ያቁሙልን፣ አልደረስኩበትም» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥታ ስርጭት ማን ያቆመዋል? ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ እጇን ስታወጣ አላየኋትም፣ በዓመቱ ስሟን ስጠራ «ቀርታለች» አሉኝ። ያን ቀን ባጠፋው የሌሎቹ ትምህርት ያልፋቸው ነበር። ቢሆንም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መብራት ሲጠፋ ግን ደስ ይለን ነበር! ያንን የመንዝ ብርድ በጋቢ ተጀቡነን፣ በጠመኔ እየሳልኩ፣ በአማርኛ እየቀላቀልኩ። የሚጠይቁኝ ያኔ ነው።

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ትምህርት ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ግን ቴሌግራም ላይ የተሠራ መልስ ፍለጋ ነው የምታመሹት። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። እርግጥ ስንፍና ነው ብዬ ልጨርስ አልችልም፤ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ብቻ የደረሰው፣ በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የከረመ ልጅ አለ። እሱን ስልክህን አስቀምጥ ብለው ምን ሊያነብ ነው?

አንተ ጀማሪው መምህር ልጄ፣ ደመወዙ ወር እንደማያደርስህ አውቃለሁ፣ እሱን አልነግርህም። «ፖርሽን ስንት ደረሰ?» እንደሚሉህም አውቃለሁ። አንድ ተማሪ አልገባኝም ካለህ ግን ፖርሽኑ ይቆይ። «ገባችሁ?» የሚለውን ተው፣ አዎ ማለት ቀላል ነው። ሰሌዳ ላይ አውጥተህ አሠራቸው፤ የሚስቅ ካለ ቀጥሎ እሱ ይውጣ።