ፕሮፌሰሩ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ስለ ፓፐርና ስለ ሳይቴሽን የጠየቃችሁኝ

«ስለ ምርምር ኅትመትና ስለ ሳይቴሽን የከነከናችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ሳይቴሽን ማለት አንድ ጽሑፍ በሌላ ጽሑፍ ውስጥ መጠቀሱ ነው። ከዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከሰበታ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ ጥያቄው ጎረፈ። ለማታውቁኝ፦ ሐኪም አይደለሁም። በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተመራማሪዎችን የኅትመት መዝገብ የማሰናዳ ሰው ነኝ። የደረጃ ዕድገት የፈለገ ሁሉ ፋይሉን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የጤና መኮንን፣ ዓለም ባንክ)፦ ለፒኤችዲ አማካሪ እየመረጥኩ ነው። አንዷ ፕሮፌሰር ኤች-ኢንዴክሳቸው 14 ነው። የሌላኛው 52 ነው። ምርጫው ያለቀለት አይደለም ወይ?

መልስ፦ አላለቀም ወንድሜ። መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚል እንግባባ። ኤች-ኢንዴክስን ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ በ2005። 14 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 14 ጊዜ የተጠቀሱ 14 ጽሑፎች አሏቸው ማለት ነው። አምስት ጽሑፍ ያለው ሰው እናስብ። ጽሑፎቹ 40፣ 12፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ኤች-ኢንዴክሱ 4 ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ኖሮት እሱ 1000 ጊዜ ቢጠቀስስ? ኤች-ኢንዴክሱ 1 ሆኖ ይቀራል።

ደግሞ ይሄ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይወርድም። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ሱሉልታ ከብት ቢያረባም የድሮ ጽሑፎቹ እየተጠቀሱ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንጋፋውን ከጀማሪው ጋር በዚህ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ 52ቱ። የጽሑፎቹን ዝርዝር ክፈትና የደራሲዎቹን ብዛት እይ። በጤናው ዘርፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች የተደረደሩባቸው ዓለም አቀፍ ጥናቶች አሉ። የታወቀው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ነው። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለ ኢንስቲትዩት ያስተባብረዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ነው። ከእኛም አገር ብዙ ተመራማሪዎች አሉበት። ከነዚህ ጽሑፎች አንዱ በሺዎች ሊጠቀስ ይችላል። ሳይቴሽኑ ደግሞ ለደራሲዎቹ አይከፋፈልም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉው ይቆጠርለታል። ነውር የለበትም፣ ሥራውም ትልቅ ሥራ ነው። ግን 52ቱ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ ሰውየው ጥሩ አማካሪ ስለመሆናቸው የሚነግርህ አንዳች ነገር የለም።

እኔ ብሆን የማየው የስም ቅደም ተከተሉን ነው። በሕክምና ምርምር ልማድ መጀመሪያ ላይ ያለው ሰው ዋናውን ሥራ የሠራው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የመራው ነው። ባለ 14ቷ ፕሮፌሰር መጨረሻ ላይ ሆነው፣ ተማሪዎቻቸው መጀመሪያ ላይ የወጡባቸው ጽሑፎች አሉ? ካሉ ተማሪ ያሳትማሉ ማለት ነው። ከዚያ አንዱን ተማሪ ፈልገህ ደውል። «ረቂቅ ስትልክ በስንት ጊዜ አርመው ይመልሳሉ?» በለው። የትኛውም ኢንዴክስ ይሄን አይነግርህም።

ጥያቄ (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሰበታ)፦ ሰባት ጽሑፍ አለኝ። ስኮፐስ የሚባለው የምርምር ጽሑፎች ዳታቤዝ ላይ ግን ሦስት ሰው ሆኜ ተገኘሁ! አንዷ አራት፣ አንዷ ሁለት፣ አንዷ አንድ ጽሑፍ አላት።

መልስ፦ እህቴ፣ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ጣጣ ነው። ዳታቤዞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ የራሳችንና የአባታችን ስም ነው ያለን። አንዱ ጆርናል አባትሽን የቤተሰብ ስም ያደርጋቸዋል። ሌላው አያትሽን። አንዱ ጋ «ገብረ» እና «መድኅን» ተለያይተው ይጻፋሉ፣ ሌላው ጋ ይገጥማሉ። «ቀ»ን አንዴ በኬይ አንዴ በኪው ከጻፍሽ ደግሞ በቃ፣ ሌላ ሰው ተወለደ።

መድኃኒቱ ኦርኪድ ነው። በ2012 ሥራ የጀመረ፣ ለተመራማሪ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ነው። በነፃ ነው። ዛሬውኑ አውጪ። ከዚያ በኋላ ለምትልኪው ጽሑፍ ሁሉ ቁጥሩን አስገቢ። የስምሽን አጻጻፍ አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው እሱን ያዢ፤ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ስኮፐስ ላይ የተከፋፈለውን ፕሮፋይል እንዲያዋህዱልሽ መጠየቅም ትችያለሽ፣ ክፍያ የለውም።

የተገላቢጦሹም አለ። ጉግል ስኮላር፣ የጉግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ፣ ሞክሼሽ የጻፈችውን ላንቺ ሊሰጥሽ ይችላል። ከመወለዱ በፊት የታተመ ፓፐር ፕሮፋይሉ ላይ ያለ ወጣት ሐኪም አይቻለሁ። «አላየሁትም ነበር» አለኝ። የዕድገት ኮሚቴ ፊት ግን እንዲህ ማለት ያሳፍራል። ያንቺ ያልሆነውን ሰርዢ።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ፣ ቱሉ ዲምቱ)፦ አማካሪዬ ጉግል ስኮላር ላይ 310 ሳይቴሽን አላቸው፣ ስኮፐስ ላይ 170። የቱ ነው የሚዋሸው?

መልስ፦ አንዳቸውም። ሁለቱም የተጀመሩት በ2004 ነው፤ የሚያጠምዱበት መረብ ግን ይለያያል። ጉግል ስኮላር ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ገና ያልተገመገመ ረቂቅ። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ መርጠው ከተቀበሏቸው ጆርናሎች ነው በዋናነት የሚቆጥሩት። የአገራችን ጆርናሎች ብዙዎቹ እነሱ ጋ ስለሌሉ የእኛ ሰው ቁጥር እዚያ ያንሳል። ሲቪ ላይ ስትጽፍ ምንጩንና ያየህበትን ቀን አብረህ ጻፍ። «ሳይቴሽን 310» ብቻ ብሎ መተው ቁጥር አይባልም።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች አባት፣ ለገጣፎ)፦ ልጄን የሚያክመውን ስፔሻሊስት ስም ኢንተርኔት ላይ አስፈለግሁ። አንድም ጽሑፍ የለውም አሉኝ። ሐኪም ልቀይር?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም ጋሼ! ማከምና መመራመር ሁለት ሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሲያይ የሚውል ሐኪም የሚጽፍበት ጊዜ ከየት ያመጣል? የሙያ ፈቃዱን ይጠይቁ፣ ልጅዎን በደንብ ሲመረምርና ሲያስረዳዎት ይመልከቱ። ይበቃል።

ጥያቄ (ነርስ፣ ጀሞ)፦ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን በ48 ሰዓት እናትማለን» የሚል ኢሜይል ይመጣልኛል። እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም።

መልስ፦ ያልያዝሽውን ማዕረግ የሰጠሽ ሰው ቀጥሎ ብር ነው የሚጠይቅሽ። አንድ ጽሑፍ በሙያው ሰዎች ተገምግሞ፣ ታርሞ፣ ተመልሶ በ48 ሰዓት ሊወጣ አይችልም። እዚያ ያወጣሽው ነገር ዕድገት ላይ ውድቅ ይደረግብሻል። የከፋው ግን ዳታሽ መባከኑ ነው፤ አንዴ የታተመን ጽሑፍ ሌላ ጆርናል አይቀበልሽም።

ማስከፈሉ ብቻውን ምልክት አይደለም። ደህና ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። ማንም በነፃ የሚያነባቸው ጆርናሎች ማውጫ አለ፣ ዲኦኤጄይ የሚባል፤ እዚያ ስሙን ፈልጊ። የአርታዒዎቹን ስም አይተሽ እውነት እዚያ እንደሚሠሩ አጣሪ። ክፍያውን በተመለከተ፣ እንደ ፕሎስና ቢኤምሲ ያሉ አሳታሚዎች ከዝቅተኛ ገቢ አገር ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያ የሚያነሱበት ወይም የሚቀንሱበት አሠራር አላቸው። ጥያቄው ግን ጽሑፉ ሲላክ ነው የሚቀርበው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ልመና ነው የሚሆነው። ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ እኔ ጋ የሚመጣውን ሰው ብዛት ብነግርሽ ታለቅሻለሽ።

አገር ውስጥም አማራጭ አለ። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጆርናል ከ1962 ጀምሮ ይወጣል። የኢትዮጵያ የጤና ልማት ጆርናል ደግሞ ከ1984። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የጤና ሳይንስ ጆርናል አለው።

ጥያቄ (ጡረተኛ መምህር፣ ዘነበወርቅ)፦ ጠዋት ጠዋት በአለርት አጥር ሥር እሄዳለሁ። እዚያ ውስጥ የምርምር ተቋም አለ። አንድ ምርምር ብዙ ከተጠቀሰ ብዙ ጠቀመ ማለት ነው?

መልስ፦ ከመጡልኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው፣ መምህር። በአጥሩ ሥር የሚያልፉበት አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 ሲመሠረት ዋና ሥራው ሥጋ ደዌ ነበር። ስሙን ያገኘው በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። አሁን ሳንባ ነቀርሳና ቁንጭርም ያጠናል። አንድ ነገር ያስቡ። በዓለም ላይ ስለ ሥጋ ደዌ የሚጽፍ ሰው ስንት ነው? ስለ ካንሰርስ? የሚጠቅስዎት በዘርፉ ያለ ሰው ነው። ዘርፉ ጠባብ ከሆነ ጥቅሱም ትንሽ ነው። የሥጋ ደዌ ተመራማሪን ከካንሰር ተመራማሪ ጋር በሳይቴሽን ማወዳደር የጎረቤትን የለቅሶ ድንኳን በስፋቱ እንደመመዘን ነው፤ ዕድሩ ስንት አባል እንዳለው ነው የሚለካው።

በብዛት መጠቀስም ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። በ1998 ላንሴት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የዌክፊልድ ጽሑፍ ነው። የተጠኑት 12 ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ጆርናሉ ሰረዘው። እስከዛሬ ግን ይጠቀሳል፣ ብዙው «ተሳስቷል» ለማለት ነው። ቆጣሪው ማሽን ስድብና ሙገሳ አይለይም። በሌላ በኩል፣ በዓለም እጅግ ከተጠቀሱት ቀዳሚው ተብሎ የሚታወቀው በ1951 የወጣው የላውሪ ጽሑፍ ነው። ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ምን አዲስ በሽታ አገኘ? ምንም። የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ ነው፤ በዘዴው የተጠቀመ ሁሉ ይጠቅሰዋል።

ከእኛ ደግሞ አክሊሉ ለማን ይውሰዱ። በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ያ ዕይታ የዕድሜ ልክ ምርምር ሆነ። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «የቀና ኑሮ ሽልማት»ን ተቀበሉ። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ላይ ፓተንት አወጣ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ዛጎል እንስሳ ለማጥፊያ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል። የሳቸውን ኤች-ኢንዴክስ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ጉግል ስኮላርም ገና አልተወለደም ነበር።

ጥያቄ (ስሜ ይቆየኝ)፦ አለቃዬ ምንም ሳይሠራ ስሙን ፓፐሬ ላይ አስገባ ይለኛል።

መልስ፦ ከባድ ነው፣ እንጀራ አለበት። የሕክምና ጆርናል አርታዒዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ ለሥራው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለይዘቱ ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ፊት ለፊት «አይገባህም» ከማለት የጆርናሉን ፎርም አስይዘው። «እያንዳንዱ ደራሲ የሠራውን እንዲጽፍ ይጠይቃሉ፣ እባክዎ የርስዎን ይሙሉልኝ» በለው። አንዳንዱ እዚያ ጋ ራሱ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ያኔ ቁጭ ብሎ ረቂቁን ያርማል፣ እሱም ጥሩ ነው። ሁለቱንም የማያደርግ ካጋጠመህ ምስጋና ክፍል ላይ ስሙን ለማስገባት ሞክር። ከዚያ በላይ ምክር የለኝም።

ጥያቄ (ሦስት ሰው የጠየቀው)፦ ኢምፓክት ፋክተሩ 9 የሆነ ጆርናል ላይ ካሳተምኩ ጽሑፌ 9 ጊዜ ይጠቀሳል?

መልስ፦ አይደለም። ያ የጆርናሉ አማካይ ነው፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአንድ ዓመት ውስጥ የተጠቀሱበት ድምር ለብዛታቸው ሲካፈል። ጥቂት ጽሑፎች ብዙውን ይሰበስባሉ፣ ሌሎቹ ዜሮና አንድ ይዘው ይቀራሉ። ተመራማሪን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ የሚል ስምምነት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በ2012 ተነድፎ ብዙ ተቋማት ፈርመዋል። እኛ ጋ ያሉ ኮሚቴዎች ግን አሁንም አጥብቀው ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩን ያዙት።

በመጨረሻ፣ የኮሌጁን ፓስዎርድ ለጠየቃችሁኝ ሁለት ሰዎች፦ አልሰጥም። ግን አያስፈልጋችሁም። ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ የሚባል፣ በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራ ፕሮግራም አለ። እንደኛ ላሉ አገሮች የሕክምና ጆርናሎችን ይከፍታል። መሥሪያ ቤታችሁ ተመዝግቦ ከሆነ መግቢያው ያለው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጋ ነው። ካልተመዘገበ አስመዝግቡት፤ ደብዳቤውን መጻፍ ከከበዳችሁ ላኩልኝ፣ አይላችኋለሁ።