የምታውቁትን እየታዘዛችሁ የማታውቁትን ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በቡና ጥራት ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የእግዚአብሔርን ፈቃድ በምን አውቃለሁ?» አንዷ ለትዳር ስለጠየቃት ሰው ትጨነቃለች፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ አዲስ አበባ ሥራ ልፈልግ ወይስ እዚሁ ልቅር እያለ ሦስት ወር ምልክት ይጠብቃል። ያለ እግዚአብሔር መንገድ መጀመር የማይወድ ልብ ስላላችሁ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከጥያቄው ጀርባ ብዙ ጊዜ ፍርሃት አያለሁ፤ ምልክት ከተሰጠኝ ብሳሳትም ተጠያቂ አልሆንም የሚል ፍርሃት ነው። ይህን ፍርሃት በራሴ ኖሬበታለሁ።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከአንድ መጋዘን የወሰድኩትን የታጠበ ቡና ናሙና መለኪያው ላይ ባደርገው እርጥበቱ 14 ከመቶ ሆነ። ማመን ስላቃተኝ አንድ ፍሬ ነከስኩ፤ ደረቅ ቡና ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ይህ ግን የጥርሴን ምልክት ያዘ። ከ12.5 ከመቶ በላይ እርጥበት ያለው ቡና በከረጢት ታጭቆ ሲሰነብት ይሻግታል። ባለንብረቱ መኪና ቆሞብኛልና ፈርምልኝ አለኝ፤ አለቃዬም ነገሩን እንዳላካብድ በስልክ አሳሰበኝ። ያን ሌሊት ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ መንገዱን አሳየኝ» ብዬ ጸለይኩ። እየጸለይኩ ሳለሁ መልሱን ከመንበርከኬ በፊት ዐውቀው እንደነበር ገባኝ። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ከልጅነቴ ተምሬ፣ አሁን በጸሎት ስም ማምለጫ ቀዳዳ እየፈለግሁ ነበር። በማግስቱ አልፈርምም አልኩ። ቡናው ከመኪና ወርዶ እንደገና የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጣ። ባለንብረቱ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ፤ እኔም የምጠብቀው ዕድገት ቀረብኝ። ይህን የምነግራችሁ መታዘዝ ወዲያው የሚከፈልበት ሥራ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ «በመንገድህ ሁሉ እርሱን እወቅ፥ እርሱም ጎዳናህን ያቀናልሃል» ሲል፣ «ሁሉ» የሚለው ቃል መለኪያውንም፣ ደረሰኙንም፣ የሥራ ሰዓታችሁንም ይጨምራል። በእነዚህ ላይ ምሪቱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ተጨማሪ ራእይ አትጠብቁ።

ስለ ከተማና ስለ ትዳር የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱም መንገድ ኃጢአት ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረውን ነህምያን አስቡ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ከሰማ በኋላ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል ቆየ፤ በነዚያ ወራት አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ በጠየቀው ጊዜ ግን የሚሄድበትን ዘመን ቈጥሮ ነገረው፣ ለገዥዎቹ ደብዳቤ፣ ለበሮቹም እንጨት ጠየቀ። እየጸለየ ማሰብን አልተወም። ጳውሎስም እንዲሁ ነው፤ በእስያ እንዳይናገር ተከለከለ፣ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሞክሮ አልተፈቀደለትም፣ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው ጢሮአዳ ከደረሰ በኋላ ነው። የተዘጋውን በር ያገኘው እየሄደ ነበር፤ በሩ ሲዘጋበትም እግዚአብሔር እንደተወው አልቈጠረም።

ስለዚህ ጸልዩ፣ ቃሉን አንብቡ፣ ድካማችሁን ጭምር የሚያውቁ ሽማግሌዎችን አማክሩ፣ ከዚያም ወስኑ። ስልክ ቁጥራችሁን ጠርቶ የወደፊት የትዳር ጓደኛችሁን ስም ሊነግራችሁ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ በተለይ ገንዘብ ከጠየቀ፣ ከእርሱ ራቁ። በዚህ የተጎዱ ልጆች ቤቴ መጥተው አልቅሰዋል፤ ሐዘኑ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ያ ሦስት ወር ምልክት ሲጠብቅ የቆየው ልጅ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ ነበር። እናቱ ብቻዋን እንደምትኖርና የሚጦራትም እርሱ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ስለ መሄዱ ምን እንዳለችው ጠየቅሁት። ለካስ ገና አልነገራትም። ዛሬውኑ ሄደህ አነጋግራት፣ ቅዳሜ ተመልሰህ ና፣ አብረን እንጸልያለን ብዬ ሸኘሁት።