ጥያቄና መልስ፦ «ሥራ ካጣሁ 8 ወር ሆነኝ፤ ስለቴ ለምን አልሰመረም?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ወለተ ገብርኤል ነኝ፣ ከሐዋሳ። 43 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሥራ 16 ዓመት ቆይቻለሁ። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ይኸው 8 ወር አለፈ። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ አመለክት ነበር። አሁን ግን የቅጥር ማስታወቂያ ሳይ ገና ሆዴ ይረበሻል። ሥራ ካገኘሁ የመጀመሪያ ደሞዜን ላስገባ ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስያለሁ። ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዳንዱ «ኃጢአትሽ ነው» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «አሠርተውብሽ ነው» ትላለች። እንዲህ ከምደክም ዝም ብዬ በጸሎት ብጠብቅ አይሻልም? ሰው መለመንስ እምነት ማጣት አይሆንም? የጽዋ ማኅበሬን እንኳ ከተውኩ 4 ወር ሆኖኛል። «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም።

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ገብርኤል፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቴም የቆምኩት መጨረሻው ላይ ነው፣ ስለ ማኅበሩ ያልሽው ላይ። እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ኃጢአቱንና ድግምቱን ልጨርስ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን በደለ?» ብለው ነበር። ጌታ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው። ዮሐንስ 9 ላይ ታገኚዋለሽ። ንስሐ ለሁላችንም ነው፣ ሥራ ላለውም ጭምር። ለጎረቤትሽ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያት። አጎዋ፣ ያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ በ2014 ሲቋረጥ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስንት ሰው ወጣ? ለዚያ ሁሉ ሰው ማን አሠራበት? ድርጅት ገበያ ሲያጣ ሠራተኛ ይቀንሳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ስለትሽም ይቆይ። ስለት የምስጋና ቃል ነው፣ ቀብድ አይደለም። ስታገኚ ታስገቢያለሽ። እስከዚያ ግን «ምናልባት አንሶ ይሆናል» እያልሽ አትጨምሪበት። ከስንብት ክፍያሽ አንስተሽ ለመስጠት አስበሽ ከሆነም ተይው፤ እሱ የቤትሽ እንጀራ ነው። የአሥራቱም ነገር ካስጨነቀሽ፣ አሥራት ከገቢ ነው። የቀረውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

አሁን ወደ ዋናው። ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ሄደሽ ታውቂያለሽ? የምልሽ ለዓሣ ሾርባው አይደለም። ቆሮሶ ዓሣውን እየላጡ ለሚሸጡት ልጆችም፣ ቁራጭ ለሚጠብቀው አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍም አይደለም። ትንሽ ፈንጠር ብለው የሚቀመጡትን ሰዎች እዪልኝ። ባለፈው አንዱን ቆሜ ሳየው ነበር። የመረቡን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይዟል። የተበጠሰውን ዓይን በናይለን ክር እየቋጠረ ይደፍናል። «ቀናችሁ?» አልኩት። ቀና ሳይል «ዛሬ እንኳ አልቀናንም» አለኝና ቋጠሮውን በጥርሱ ቆረጠ።

ሉቃስ 5 ላይ ስምዖን ጴጥሮስም እንዲሁ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ጌታ ሲያገኛቸው ግን ቤታቸው ተኝተው አልነበረም፤ መረባቸውን እያጠቡ ነበር። ባዶ መረብ ማጠብ አስቢው። እኔ ብሆን ጥዬው እሄድ ነበር። «ዝም ብዬ በጸሎት ልጠብቅ?» ላልሽው መልሴ እዚህ ነው። ጸልዪ፣ መረቡንም እጠቢ።

ይህን የምለው ከማላውቀው ነገር ተነስቼ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ከሥራ ወጥቼ ነበር። ኪዳን አድርሼ እዚያው ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፣ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት። ቤት ሲጠይቁኝ «ጸሎት ላይ ነበርኩ» እላለሁ። ግማሹ ውሸት ነበር። ሰው ፊት መቅረብ ፈርቼ ነው የተደበቅሁት። አንድ ቀን ደጀ ሰላም የሚያገለግሉ እናት መጥተው «ልጄ፣ ገብርኤል እንደሆነ የትም አይሄድም። አንተ ሂድና ሥራህን ፈልግ» አሉኝ። ተናደድኩባቸው። በማግስቱ ግን ወጣሁ።

መረቡን ማጠብ ለአንቺ ምን ይሆን? ለ8 ወር ያንኑ ሲቪ እየላክሽ እንደሆነ እገምታለሁ። አውጪውና እንደ ሌላ ሰው አንብቢው። «ሒሳብ ሠርቻለሁ» ብቻ ከሆነ የሚለው፣ 16 ዓመት የት ገባ? በየዓመቱ ሒሳብ ዘግተሻል፣ ከኦዲተር ጋር ተቀምጠሻል፣ ከግብር ቢሮ ጋር ተከራክረሻል። እሱን ጻፊ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ካላሳየ ሄደሽ አሳርሚው። ብዙ ማስታወቂያ ይህን ይጠይቃል፣ ስንቱ በዚህ ይወድቃል። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የምታውቂ ሆነሽ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) የሚል ሲያጋጥምሽ የምትዘይው ከሆነም፣ የተበጠሰው ዓይን እሱ ነው። እሱን ተማሪ።

ቀኑን ሙሉ ግን አትፈልጊ። ቴሌግራም ላይ እየዋሉ ሥራ መፈለግ ነፍስ ያደርቃል። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይብቃሽ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቦታ፣ ለየቦታው የሚሆን ማመልከቻ እየጻፍሽ። የት እንዳስገባሽ፣ መቼ፣ ማን እንደተቀበለሽ በደብተር ያዢ። የሒሳብ ሰው ነሽ፣ ይህን እኔ አላስተምርሽም። ከ6 ሰዓት በኋላ የቤትሽ ነሽ። በሰንበት ማስታወቂያ አትክፈቺ።

ዕድሜሽን የጻፍሽበት ምክንያት ገብቶኛል። «ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚለውን አይተሽ ነው። ያስቆጣል፣ እኔንም ያስቆጣኛል። በወይኑ ቦታ ምሳሌ ግን ባለቤቱ በ11 ሰዓት ጭምር ወጥቷል። 11 ሰዓት የኛው ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ወደ ሐዋሳው ታቦር ተራራ ማዶ ስታዘቀዝቅ። «ለምን ሥራ ፈታችሁ?» ሲላቸው «የሚቀጥረን አጥተን» አሉት። አልተቆጣቸውም። ያገኛቸው ግን አደባባይ ላይ ስለቆሙ ነው።

ሌላም አለ። ጌታ «መረባችሁን ጣሉ» ከማለቱ በፊት የስምዖንን ታንኳ ለማስተማሪያ ተውሷል። ባዶውን ታንኳ! ባዶ ጊዜሽን በሳምንት ግማሽ ቀን አውሺ። ሒሳብ የሚያሠራው የጠፋበት ዕድር አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። (ለራሱ ደብር ሊጠቀምባት ነው እንዳትሉኝ፤ የሚጠቅመውስ እሷን ነው።) እጅሽ አይዝግም፣ ሰውም ሥራሽን ያያል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ነጋዴው ሁሉ በግብር ራሱን ይዞ ይዞራል። ያኔ በክፍያ ሥሪለት፤ በነፃ አትሥሪለት።

«ሰው መለመን» ያልሽው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፣ አትቀላቅይው። «የአንድ ወር ደሞዝ ስጪኝና ላስገባሽ» የሚል ከመጣ እሱ ጉቦ ነው፤ ትተሽው ሂጂ። «ሥራ ፈልጌአለሁ፣ ብትሰሙ ንገሩኝ» ማለት ግን ልመና አይደለም። በሉቃስ 16 ያ ከሹመቱ የወረደ መጋቢ «ለመቆፈር ኃይል የለኝም፥ መለመንም አፍራለሁ» ይላል። በዚህ ዕድሜ ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ዓረፍተ ነገር ናት። ጴጥሮስ ግን መረቡ ሊቀደድ ሲል በሌላ ታንኳ ያሉትን ባልንጀሮቹን ጠቀሰ። አላፈረም። አንቺ ደግሞ የጠቀስሽው ሰው የለም። ታንኳሽን ይዘሽ ከባልንጀሮችሽ ርቀሻል። በዚህ ከተማ ስንቱ ሥራ ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ፣ ቡና ላይ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ በዚህ ወር 19 ማኅበሩ ማን ቤት እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ። «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉሽ «ወጥቻለሁ፣ እየፈለግሁ ነው» በያቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይከብዳሉ። ተራሽ ቢደርስ ዳቦና ትንሽ ጠላ ይበቃል፤ ድግስ የጠየቀሽ የለም። ሲቪሽን ግን ማኅበር ይዘሽ አትሂጂ። በማግስቱ ትልኪላቸዋለሽ።