«ያለ አራጣ» እና «ያለ ወለድ» ያው ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አጎቴ ለሱቄ ማስፋፊያ 300,000 ብር ሊያበድሩኝ ተስማማን። ራፖር ጸሐፊው «ገንዘቡ ያለ አራጣ የተሰጠ ነው» ብሎ ጻፈ። አጎቴ «ሪባ ሐራም ነው፣ ‹ያለ ወለድ› በልልኝ» ቢሉት «ያው ነው ሐጂ» ብሎ መጻፉን ቀጠለ። እውነት ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አጎትህ ልክ ናቸው። በጸሐፊውም ብዙ አልፈርድም፤ ያሳሳተው ቃሉ ራሱ ነው።

«አራጣ» በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። አንዱ የሃይማኖት መጻሕፍት ቤት ነው። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 275 ላይ «ሪባ»ን የመለሰው «አራጣ» ብሎ ነው፤ መሸጥ ተፈቅዷል፣ አራጣ እርም ተደርጓል። የአማርኛው መዝሙረ ዳዊትም ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ሰው ያመሰግናል። (ግእዙ «ርዴ» ይለዋል። ይህን የመሰለ አጭር ቃል ሜዳ ላይ መቅረቱ ይቆጨኛል።) በዚህ ቤት አራጣ ትንሽና ትልቅ የለውም። በአብዛኞቹ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ዘንድ ሲበዳደሩ ተነጋግረው በዋናው ላይ የሚጨምሩት አንድ ብርም ሪባ ነው።

ሌላው የሕግ ቤት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ለገንዘብ ብድር በዓመት እስከ 12 በመቶ ወለድ መዋዋልን ይፈቅዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 «አራጣ» እያለ የሚቀጣው የሰው ችግር ላይ ቆሞ ከተፈቀደው ወለድ በላይ የሚያስከፍለውን ነው። ስለዚህ ለሕግ ሰው አራጣ የሚጀምረው የተፈቀደው ወለድ ሲያልቅ ነው። «ያለ አራጣ» ሲባል «ወለዱ ከጣሪያው አላለፈም» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። አጎትህ «ምንም አልቀበልም» ሲሉ ወረቀቱ «ብዙ አልቀበልም» እያለላቸው ነው።

ልዩነቱን ግሱም ያሳብቃል። ወለድ ይታሰባል፣ ይከፈላል፤ አራጣ ግን ይበላል። «ወለድ» ከ«ወለደ» የመጣ፣ ገንዘብ የወለደው ማለት በመሆኑ ስድብ የለበትም፤ ባንክም በሰሌዳው ይጽፈዋል። «አራጣ»ን በሰሌዳው የሚጽፍ ባንክ አላየሁም።

አንዳንዱ ደግሞ «ወለድ»ን ሰርዞ «ትርፍ» ይተካበታል። ትርፍ የሽያጭ ቃል ነው። በሙራባሃ፣ ማለትም ከወለድ ነፃ በሆነው የሽያጭ ውል፣ ባንኩ ዕቃውን በ400,000 ብር ገዝቶ፣ የገዛበትን ነግሮህ፣ በ460,000 ብር በዱቤ ቢሸጥልህ 60,000ው ትርፍ ይባላል፤ መጀመሪያ ዕቃው የእሱ ሆኗልና። ጥሬ ብር አበድሮ «ትርፉ 60,000» ማለት ግን ለፊቅሁም ለአማርኛውም አይጥምም።

ውሉ አንድ ነገር ጎድሎታል። ሕጉ ወለድ በውል ካልተጻፈ አይታሰብም ይላል፤ ባለዕዳው ሲዘገይ ግን በዓመት 9 በመቶ የሆነው ሕጋዊ ወለድ ሊመጣ ይችላል። አጎትህ ይህንንም ካልፈለጉ መዘግየቱ በስሙ ይጠራ። እኔ ብሆን እንዲህ አስጽፍ ነበር፦ «ተበዳሪው የሚመልሰው ዋናውን ገንዘብ 300,000 ብር ብቻ ነው። ቀነ ገደቡ ቢያልፍም አበዳሪው በዚህ ገንዘብ ላይ በመጠንም ሆነ በስም የትኛውንም ዓይነት ወለድ አይጠይቅም።» ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት አንድ ጠበቃ ቢያየው ደግ ነው። «አራጣ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ የትም መግባት የለበትም።