ለሚጠራጠሩ ወዳጆች ሕመምን ስለ መንገር

ከረጅም የስደት ዘመን በኋላ ኑሮዬን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ካደረግሁ ወዲህ፣ ለዕረፍት የሚመጡም ሆኑ ጠቅልለው የሚመለሱ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ቅሬታ አለ፦ በሰው አገር የደረሰባቸውን በደል ለአብሮ አደጎቻቸው ሲነግሩ የሚጠብቃቸው መስቀለኛ ጥያቄ ነው።

ውድ ወገኖቼ፣ ለመታመን ብላችሁ ታሪካችሁን አታስተካክሉት። በሚጠራጠር ሰው ፊት የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ያልነበረውን መጨመር፣ የሚያሳፍረውን መቀነስ ይጀምራል፤ ኋላ ቃሉ ሲጋጭ ጥርጣሬው እውነት ይመስላል። ከባድ ድንጋጤ ያለፈበት ሰው የበሩን መቆለፊያ ድምፅ ቁልጭ አድርጎ እያስታወሰ ቀኑና ቅደም ተከተሉ ሊጠፋበት ይችላል፤ አንዳንዱ ሲናገር ያለቅሳል፣ ሌላው የሰው ታሪክ የሚያወራ እስኪመስል ፊቱ ሳይለወጥ ይናገራል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ጓደኞቻችን ግን አያውቁትም። ስለዚህ የጠፋባችሁን ነገር «አላስታውሰውም» ብላችሁ እለፉት እንጂ በግምት አትሙሉት።

በቅርቡ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቡና ተጠርቼ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ነጥቃ ደመወዟን እንደከለከለቻት ስትናገር ሰማሁ። ቶናው እየተቀዳ ነበር። አብሮ አደጓ ስኒዋን አስቀምጣ «ታዲያ ያለ ፓስፖርት እንዴት በአውሮፕላን መጣሽ?» አለቻት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ማፍተልተል ያዘች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣትም። መልሱ ግን ቀላል ነበር፤ ፓስፖርት የሌለው ሰው ቆንስላው በሚሰጠው፣ ሊሴ ፓሴ በሚባል ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ወደ አገሩ ይገባል። ከ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ጉዳዩ የአገር ወሬ ነበር፤ ሆኖም የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የከፋላ አሠራር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በየቡናው ላይ አይገኝም።

ካለማወቅ የሚመጣን ጥያቄ ታግሣችሁ አስረዱ። «እኛ እዚህ ስንቸገር አንቺ በየበዓሉ ፎቶ ትልኪ አልነበር?» የሚለው ግን የተናጋሪዋን የራሷን ቁስል የያዘ ነው፤ እርሷም የኑሮ ውድነቱንና የለቅሶውን ጊዜ ያሳለፈችው ያለ እናንተ ነው። ይህን ከክፋት አልቆጥረውም። ፎቶው እናት እንዳትጨነቅ የተላከ እንደነበር አንድ ጊዜ ተናገሩ፤ ጥያቄው ከተደጋገመ ግን «ለዛሬ ይበቃኛል» ብላችሁ ወሬውን ማቆም መብታችሁ ነው፤ ማንም የምስክር ቃል የመቀበል ሥልጣን የለውም።

ቡና ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት መጀመርን ጨርሶ አልመክርም። አንድ ሰው ምረጡ፤ የሌላውን ገበና ሲያወራ ሰምታችሁት የማታውቁትን። ከመጀመራችሁ በፊትም «ምክር አልፈልግም፤ እስክጨርስ ብቻ አድምጠኝ» በሉት፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ምን እንደሚጠበቅበት ስለማያውቅ ነው።

እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመራችሁ፣ የጓደኛን ማመን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ጠበል የምትጠመቁም የሐኪሙን መድኃኒት አታቋርጡ። በውጭ አገር ሕክምና ላይ አስተርጓሚ ሲመደብላችሁ ደግሞ፣ የምታውቁት የማኅበረሰቡ ሰው ከሆነ እንዲለወጥላችሁ፣ ከተቻለም ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲቀርብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።