ወዶ ዘማች ሲያንስ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። የዚህ ወር ርዕሳችን «ወዶ ዘማች ያነሰበት አገር ውትድርናን ግዴታ ያድርግ» የሚል ነው። ደጋፊዎቹ «አሜሪካ በዚያ ሁሉ ደመወዝ እንኳ ሰው አጥታለች» ሲሉ ተቃዋሚዎቹ መልስ ያጣሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?
መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ ደጋፊዎቹ የሰው ማነሱን አልሳቱም፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2022 60 ሺህ ምልምል ፈልጎ ያገኘው 45 ሺህ ገደማ ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ መከላከያ ባስጠናው ጥናት ከ17 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ያለ ልዩ ፈቃድ መመልመል የሚችሉት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩትን የሚጥላቸው ውፍረት፣ አደንዛዥ ዕፅና የጤና እክል ነው። ግዴታ እምቢ ያለውን ያመጣ ይሆናል፤ የታመመውን ግን አያድንም። ጦሩም በዚያው ዓመት ፎርት ጃክሰን በተባለ የጦር ሠፈር የመሰናዶ ኮርስ ከፈተ። ክብደቱ ከልክ ያለፈ ወይም የመግቢያ ፈተና ውጤቱ ያነሰ ወጣት እስከ 90 ቀን እዚያ ይቆይና መስፈርቱን ሲያሟላ ወደ መሠረታዊ ሥልጠና ያልፋል። በ2024 ዕቅዱ ተሳካ። ዕቅዱ ራሱ ከ65 ሺህ ወደ 55 ሺህ ዝቅ መደረጉን ግን ልጆቹ ቀድመው ይናገሩት፤ አለዚያ ተጋጣሚ ይይዛቸዋል።

የደጋፊዎቹ ጠንካራ ማስረጃ ስዊድን ናት። ግዴታውን እ.ኤ.አ. በ2010 አስቀርታ፣ ወዶ ገቡ አልበቃ ሲላት በ2017 ለወንድም ለሴትም መልሳዋለች። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ በዓመት የጠራችው 4,000 ሰው ብቻ ነው። የውትድርና መጠይቁን ወጣቱ ሁሉ ይሞላል፣ የሚመረጠው ጥቂቱ ነው።

ሁሉንም እንጥራ የሚል ካለ አሠልጣኙ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቅ። 50 ሺህ ሰው በአንዴ ቢገባና አንድ አሠልጣኝ 10 ሰው ቢይዝ 5,000 አሠልጣኝ ያስፈልጋል። እነዚህ ከየክፍለ ጦሩ የሚነሱ፣ ልምድ ያካበቱ አስር አለቆችና ሃምሳ አለቆች ናቸው። ግንባር ላይ ያለው ጦር የሚሳሳው ያኔ ነው። አገልግሎቱ አጭር ከሆነ ደግሞ የታንክ መካኒኩ እጁ ሲፈታ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። የደርግ ጊዜው አፈሳ ከልቤ አልወጣም። ዛሬ ውትድርና ግዴታ ነው ወይ?
እናት፣ ከኸርማታ

መልስ፦ አይደለም፣ እናታችን። ያኔ አዋጅ ቁጥር 236/1975 ከ18 እስከ 30 ዓመት ላለው ሰው 6 ወር ሥልጠና፣ 2 ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂነትን ይደነግግ ነበር። ጉዱ የመጣው በኮታው ነው። ቀበሌውና ገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ሰው አቅርቡ ሲባሉ የጎደለውን ከመንገድና ከገበያ አፍሰው ሞሉ። ኮታ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ ዕድሜም ጤናም አይጠይቅም።

የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። የግዴታ ውትድርናን የሚያነሳው ህሊናዬ አይፈቅድም ያለ ሰው በምትኩ ስለሚሰጠው አገልግሎት ሲናገር ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ማንንም ዝመት አይልም። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ መመልመል ደግሞ በምንም መንገድ አይፈቀድም።

ስጋትዎ ግን ከንቱ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ለውትድርና ምልመላ በሚል ያለፈቃዳቸው የተያዙ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ እንደነበሩ ገልጿል። ስለዚህ የልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ ከቀበሌ ያውጡ፤ ጊዜው ቢያልፍም ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል። ዋናው ቤት ይቀመጥ፣ ኮፒው ከትምህርት ቤት መታወቂያው ጋር ከልጁ ኪስ አይለይ። ችግር ቢገጥም የተያዘበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይያዙና ጅማ ወዳለው የኮሚሽኑ ቅርንጫፍ ይሂዱ። ትምህርት ቤቱ የመዘገበው ዕድሜና የልደት ወረቀቱ ከተለያዩ ደግሞ ዛሬውኑ ያስተካክሉ፤ ልጁ 17 ዓመቱ ነው ሲሉ ሁለት የተለያየ ዕድሜ የያዘ ወረቀት ከቀረበ እናትም አትታመንም።